ለአርባ ቀን የሞተችው ብርሃነሽ

ጋሽ ውብአየሁ ቡራዩ ውስጥ፣ ከአምቦው መንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቁልፍ ሲቀርጹ ኖረዋል። የሰፈሩን ግማሽ በር መክፈት የሚችሉ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን ከማንም ቤት አንድ ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ ሌባ ቢሆኑ ኖሮ እኮ እስካሁን ፎቅ ሠርተው ነበር» ሲሏቸው፣ «ፎቁንስ ልሥራ፤ ደረጃውን ማን ይወጣልኛል?» ብለው ጉልበታቸውን ይዳብሳሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ነው እድሩ ዳኛ አድርጎ የመረጠው። የእድር ዳኛ ደሞዝ የለውም። ያለው የፊት ወንበርና የሰው ኩርፊያ ነው።

እድሩ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም፣ ኦሮሞውንም ከሰሜን የመጣውንም ይቀብራል፤ ያጠፋውን ደግሞ ይቀጣል። ጥፋቱ ደም የሚያፈስ አይደለም። ሳህን ይጠፋል፣ ቀብር ይቀራል፣ ያልተባለ ነገር ተባለ ይባላል። ድሮ ለሁሉም ቅጣቱ አንድ ነበር፤ ሃምሳ ብር። ሀብታሙ ሃምሳውን አስቀድሞ ይከፍልና ቤቱ ይተኛል፤ ድሃው ሃምሳዋን ፈርቶ በትኩሳት እየነደደ ቀብር ይወጣል። ጋሽ ውብአየሁ ይህን አዩና «ይሄ ቅጣት አይደለም፣ ቲኬት ነው» አሉ። ቁልፍ እንደ በሩ ይቀረጻል፤ ቅጣትም እንደ ጥፋቱ መቀረጽ አለበት ባይ ናቸው።

የእድሩን አሥራ ሁለት ሳህን ለልጇ ልደት ወስዳ ያስቀረችውን ሴትዮ በየለቅሶው ሳህን እንድታጥብ ፈረዱባት። ስድስት ወር ሳይሞላ ሳህኖቹ ተመለሱ፤ ሲቆጠሩ አሥራ ሦስት ሆኑ። አሥራ ሦስተኛዋ የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ቀብር በመጣ ቁጥር «አሞኛል» የሚለውን የሲሚንቶ ነጋዴ ደግሞ፣ «ወንድማችን በሽተኛ ነውና እንጠይቀው» ብለው እሑድ ጠዋት ስልሳ ሰው አስከትለው ቤቱ ገቡ። ስልሳው ሰው ተራ በተራ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠ «ምንህን ነው? ሆድህስ ይሄድልሃል?» አለው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ታሞ አያውቅም። የሰው ስም ያጠፋው ደላላ ያወራበትን በር ሁሉ እያንኳኳ «ዋሽቼ ነው» እንዲል ተፈረደበት። ሠላሳ ቤት ዞሮ ሲመለስ ሠላሳ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። ይቺ አንዷ አልሠመረችላቸውም።

ሰው ፍርዳቸውን ለመስማት ሲል ብቻ ስብሰባ አይቀርም ነበር። ይህ ደስ ይላቸዋል። ከልባቸው ደስ ይላቸዋል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣውም ከዚሁ ነው።

የ2008 ክረምት ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ጎማ ይቃጠላል። የማስተር ፕላኑ ነገር ቀረ ተባለ፤ ቀጥሎ አልቀረም ተባለ፤ ደግሞ ስሙን ቀይሮ መጣ ተባለ። በዚህ መሃል በወንዙ ዳር ባሉት ስድስት የጨረቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። በአንድ ሌሊት ቆመው ያደሩ ቤቶች ናቸውና በአንድ ጠዋት ይፈርሳሉ ማለት ነው። ስድስተኛዋ የብርሃነሽ ናት። ብርሃነሽ ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ አማኑ። እሱም የአሸዋ መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ዛሬ ተፍኪ ነው ሲሉት ነገ ሌላ ቦታ ነው። የሰፈሩን ሴት ጭንቅላት በጣቷ ታውቀዋለች፤ የማን ጸጉር በንዴት እንደሳሳ፣ የማን በወሊድ እንደረገፈ ከእሷ የሚሰወር የለም።

አፍራሾቹ በሚመጡበት ማለዳ፣ የእድሩ ለፋፊ ባጫ ብርሃነሽ ያመጣችለትን መርዶ ይዞ ጥሩምባውን ነፋ። «የብርሃነሽ ወንድም አማኑ በመኪና አደጋ አርፏል! ሬሳው እዚያው በሩቅ አገር ተቀብሯል! ለቅሶ ድረሱ!» እድሩ ድንኳኑን ይዞ ሮጠ። ቦታ ስለጠበበ ድንኳኑ የስድስቱንም ቤት ደጅ ዘግቶ ቆመ። ዶዘሩ እያጓራ መጣ፤ ድንኳኑን አየ፤ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎ ቁጭ ብሎ ንፍሮ በላ። በለቅሶ ድንኳን ላይ ዶዘር የሚነዳ ሾፌር ገና ከእናቱ አልተወለደም። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ዶዘሩም ወደ ሌላ ቦታ ተጠራ። ስድስቱ ቤቶች ቆመው ቀሩ።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ባጫ ታክሲ ማቆሚያው ጋ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ሰው ሁለት ዶሮ አንጠልጥሎ ከሚኒባስ ወረደ።

«ኦቦ ባጫ! አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት?»

ባጫ መጀመሪያ ያየው የሰውየውን ጥላ ነው። ጥላ ነበረው። «አማኑ... አንተ... መቼ መጣህ?» አለ ወደ ኋላ እየሄደ።

«አሁን መድረሴ ነው። ምነው ሰው ሁሉ እንዲህ ያየኛል? አንዷ ከጎኔ ተነሥታ ‹ወራጅ አለ› ብላ መንገድ ላይ ወረደች።»

«አንተ ሰው!» አለ ባጫ፣ «እኔ በገዛ እስትንፋሴ ነው የሸኘሁህ! የነፋሁት ጥሩምባ እስካሁን ሳንባዬ ውስጥ አለ!»

አማኑ ስለ ሞቱ የሰማው ያን ቀን ነው። ዶሮዎቹን ለእህቱ ሰጥቶ፣ በዓሉን ሳይውል፣ በመጣበት ተመለሰ።

መስከረም 5 ቀን 2009 እድሩ ተሰበሰበ። ሰው በመስኮት ሳይቀር ተንጠለጠለ። አንዱ «ለፖሊስ ትሰጥ፤ ማጭበርበር ነው» አለ። ሌላው «ከእድር ለዘላለም ትሰረዝ» አለ። የእድሩ ጸሐፊ ዛኪር፣ ባለ ሱቁ፣ «እኔ ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። ለሞተ ሰው ይሁን። ለሾፌር ነው እንዴ?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ከቀሩት አምስት ቤቶች ባለቤቶች አንዱ ተነሥቶ «እኛ በበኩላችን አልላክናትም» አለ። ማንም ግን ልካችኋል አላለውም ነበር።

ብርሃነሽ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አላለቀስኩም አልልም። ያለቀስኩት ለቤቴ ነው።»

ጋሽ ውብአየሁ አሰቡ። ፖሊስ በዛ፣ ዘላለም ደግሞ ከፋ፤ ከእድር የተሰረዘን ሰው ማን ይቀብረዋል? ሃምሳ ብር ለዚህ ስድብ ነው። ይህቺ ሴት የወሰደችብን ምንድን ነው? እንባ። ያላግባብ የተጠቀመችው በምንድን ነው? በሞት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው፤ ሲቀርጹ የቁልፉ ጥርስ ልክ ሲገጥም የሚሰማቸው ዓይነት ደስታ ተሰማቸው።

«በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብላ አስለቅሳናለች» አሉ። «እሷም በሕይወት እያለች ለአርባ ቀን ትሙት። አርባ ቀን ሙሉ የለችም። ሰላም የሚላት፣ የሚያናግራት፣ ስሟን የሚጠራ፣ ዓይኑን የሚጥልባት ቅጣቷን ይካፈላል። አርባው ሲሞላ ጉባኤው ተቀምጦ ያነሣታል።»

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ዛኪርም ለቀልዱ ማሳመሪያ መዝገቡን ገልጦ ከስሟ ትይዩ «ሞታለች፤ መስከረም 5 ቀን 2009» ብሎ ጻፈ፤ ጋሽ ውብአየሁ ፈረሙበት። ብርሃነሽ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «አርባው ሲሞላ ካልተሰበሰባችሁስ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ፍርዱ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነበርና።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሳቁን አፍኖ ነው ያሳለፈው። ብርሃነሽ ጠዋት ወጥታ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች፤ ሰው ሰማይ ያያል። ቦኖ ጋ ተሰልፋ ውሃ ትቀዳለች፤ ከፊቷና ከኋላዋ ያሉት ሴቶች እንደሌለች ሆነው በላይዋ ላይ ያወራሉ። ዛኪር ሱቅ ሳንቲሟን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ስኳሯን ራሷ አንሥታ ትሄዳለች፤ ዛኪር ግድግዳውን እያየ ያፏጫል። ሹሩባ የሚሠራ ጠፍቶ የሴቱ ጸጉር ሁሉ ተንጨባረረ። በሁለተኛው ሳምንት ብርሃነሽ «እንደምን አደራችሁ» ማለቷን ተወች። ያን ጊዜ ሳቁም ቆመ።

በመስከረም ማለቂያ ከቢሾፍቱ፣ ከእሬቻው፣ መርዶ መጣ። ይኼኛው የእውነት ነበር። ባጫ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ፤ ግን ሲነፋ ድምፁ ተሰበረበት። ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ አዋጅ። ወታደር ድልድዩ ላይ ቆመ። ሰው ከሰው ጋር መቆም ፈራ፤ ሦስት ሆኖ የሚሄድ እንኳ አንዱን ወደ ኋላ ያስቀራል።

አርባው ቀን ጥቅምት 14 ሞላ። ዛኪር የስብሰባ ፈቃድ ሊጠይቅ ሄዶ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ።

«ምን አሉህ?» አሉ ጋሽ ውብአየሁ።

«ቀብር ይፈቀዳል፣ ስብሰባ አይፈቀድም አሉኝ። ‹እኛ እኮ የምናደርገው ቀብር አይደለም፤ ሰው ልናስነሣ ነው› አልኩት ሰውየውን። ሳቀ ጋሼ። ‹ማስነሣት የባሰ ፈቃድ ይፈልጋል› አለኝ። ሁኔታው ሲረጋጋ ኑ ብሎናል።»

«ሁኔታው መቼ ነው የሚረጋጋው?»

«እሱንማ ብጠይቀው እዚያው ያስቀሩኝ ነበር።»

ጋሽ ውብአየሁ ብቻቸውን ሊያነሷት አይችሉም። «በጉባኤ የተቀጣ በጉባኤ ይነሣል» የሚለውን አንቀጽ ያጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ዳኛ ለወዳጁ እንዳያዳላ ብለው። በለቅሶ ላይ እንዳይናገሩ ደግሞ፣ በሐዘን ቤት የእድር ጉዳይ አይነሣም የሚለው ደንብ አለ። እሱንም ያጻፉት እሳቸው ናቸው። አርባ አንደኛው ቀን መጣ። አርባ አምስተኛውም። ሰው «እንግዲህ ምን ይደረጋል» እያለ በደንቡ ቀጠለ፤ ይካፈላል የተባለውን ቅጣት የሚደፍር አልተገኘም። በዚያ ላይ፣ አለማየት ከአርባ ቀን በኋላ ይለመዳል።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከበደው። ብርሃነሽ ሰው ቤት መግባት ጀመረች።

አታንኳኳም። በሩን ገፋ አድርጋ ትገባና ጥግ ትቀመጣለች። ቤተሰቡ ምሳ ይበላል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ አንዱ ስለ ወታደሩ ያንሾካሹካል፤ እሷ ጥግ ሆና ታያለች። «ውጪልኝ» የሚላት የለም፤ ውጪ ማለት ማናገር ነው። ስትጠግብ ተነሥታ ትሄዳለች። ሰው በገዛ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሴቶች ከማውራታቸው በፊት ጥጉን ማየት ለመዱ፤ ብትኖርም ማየት አይፈቀድም እንጂ። አዲስ ተከራይ መጥቶ «ያቺ በወንዙ ዳር ያለች ቤት የማን ናት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ባለቤቷ ሞታለች» አሉት፤ ያለው ሰው ሲናገር አልሳቀም። ውሾቹ እንኳ ስታልፍ መጮህ ትተዋል ተባለ። ይቺን ወሬ ጋሽ ውብአየሁ አላመኑም፤ የሰፈሩን ውሻም ወሬኛም ያውቃሉ።

ድልድዩ ላይ ያዩትን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ በዓይናቸው አዩት። ረፋድ ነበር። ሰው በሁለት ሰልፍ ቆሞ ይፈተሻል። መታወቂያ ይታያል፣ ኪስ ይገለበጣል፣ አንዲት አሮጊት የያዙት የዶሮ ቅርጫት ሳይቀር ተበረበረ። ብርሃነሽ ባዶ ጄሪካኗን ይዛ፣ ሰልፉን ሳትይዝ፣ በሁለቱ ወታደሮች መሃል አለፈች። ቀስ ብላ ነው ያለፈችው። አንዱ ወታደር ትከሻዋ ሊነካው ምንም አልቀረውም፤ አንገቱን አላዞረም።

ወታደሩ እኮ እድርተኛ አልነበረም። ፍርዱን የነገረው የለም።

ጋሽ ውብአየሁ ያን ቀን በመታወቂያቸው ፋንታ የኪዮስካቸውን ቁልፍ አወጡና ሁለቴ ተፈተሹ።

በሳምንቱ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሱቁ ሁሉ ተቆልፎ ዋለ። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሰው የማይታይበት ቀን ነበር፤ አንድ የላላ ቆርቆሮ ብቻ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ይንጓጓል። ጋሽ ውብአየሁ ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ሽሮ ሠርተው ሊበሉ ሲቀመጡ በሩ ተከፈተ። ብርሃነሽ ገባችና ከፊት ለፊታቸው፣ ሚስታቸው ይቀመጡበት በነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠች።

አላዩዋትም። ማለትም፣ ላለማየት ታገሉ። አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ከሥራ ልብሳቸው የወጣው የብረት ብናኝ ትሪው ጠርዝ ላይ ሲያብረቀርቅ እሱን አዩ። ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ፣ ለግድግዳው የሚናገሩ መስለው፣ «ዛሬስ በዝቶብኛል» አሉና ትሪውን ወደ መሃል ገፋ አደረጉት። ትሪው ላይ አንድ እጅ ሲገባ በዓይናቸው ጫፍ አዩ። ጥፍሮቹ ነጥተዋል። የሹሩባ ቅባት ያልነካቸው ጣቶች እንዲያ እንደሚሆኑ አያውቁም ነበር። ትሪው ባዶ ሲሆን ሴትየዋ ወጣች። ጋሽ ውብአየሁ እስኪመሽ ከተቀመጡበት አልተነሡም። አርባ ቀን ትክክል ነበር፤ ይህን አሁንም ያምናሉ። አርባ ቀን የፈረዱ መስሏቸው፣ ለካ ማብቂያ የሌለው ነገር ነው የፈረዱት።

ኅዳር ላይ ሁለት ሰዎች ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጡ። አንዱ ፋይል፣ ሌላው የቀይ ቀለም ቆርቆሮና ቡሩሽ ይዟል። ባዶ ቤት እየመዘገቡ ነው፤ ባዶ የተባለ ቤት በማግስቱ ይፈርሳል። ወሬው ከሰዎቹ ቀድሞ ደረሰና ሰፈሩ በየደጁ ወጣ፤ ተሰበሰበ እንዳይባል ግን አንዱ ካንዱ ራቅ ራቅ ብሎ ቆመ። ጋሽ ውብአየሁ መዝጊያውን ሳይቆልፉ ከኪዮስካቸው መጡ።

ባለ ፋይሉ ስድስተኛዋ ቤት ጋ ቆመ። ብርሃነሽ በሯ ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ለብሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ። ሰውየው በአናቷ በኩል የበሩን ቁጥር አየ።

«ብርሃነሽ» አለ ከወረቀቱ። «ሞታለች፤ መስከረም 5። ወራሽ... ወንድም፣ አማኑ።» ገጹን ገለጠ። «እሱም ሞቷል፤ ነሐሴ ላይ። ወራሽ የለም። ቤቱ ባዶ ነው።»

ጋሽ ውብአየሁ ዛኪርን አዩት። «መዝገቡን ሰጠሃቸው?» አሉት በሹክሹክታ።

«የነዋሪ ዝርዝር አምጣ ተባልኩ፣ ኮፒ አድርጌ ሰጠሁ። በዚህ ጊዜ እምቢ ይባላል ጋሼ? የአማኑንም ሞት ሳልሰርዘው... ቀልዱን ማን ያስታውሰዋል!»

«እዚህ የሚኖር ሰው አለ?» ብሎ ባለ ፋይሉ ለሰፈሩ ጠየቀ።

ማንም አልመለሰም። ድንኳኗ ቤታቸውን ያተረፈላቸው አምስቱ ባለቤቶችም አልመለሱም። በክፋት አይደለም። አንዳንዱ ደንቡን ፈርቶ ነው፤ አንዳንዱ ፋይሉን ፈርቶ፤ ጥቂቶቹ ግን ደፉን በእውነት ባዶ ሆኖ እንዳዩት ፊታቸው ይናገራል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነበር። ብርሃነሽ አልተነሣችም፣ አለሁም አላለችም። ጋሽ ውብአየሁን ብቻ አየቻቸው። ባለ ቀለሙ ቡሩሹን ነክሮ ወደ ግድግዳው ተራመደ።

«ብርሃነሽ!» አሉ ጋሽ ውብአየሁ።

ድምፃቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው። በሁለት ወር ውስጥ ያ ስም በዚያ ሰፈር በሰው አፍ ሲጠራ፣ ከወረቀት ካልተነበበ በቀር፣ የመጀመሪያው ነበር።

«ዳኛው፣ ማሎ፣ እባክህ ተው» አለ ባጫ ከኋላቸው። «ትካፈላለህ።»

«ልካፈል።» ወደ ባለ ፋይሉ ዞሩ። «ልጄ፣ ሴትየዋ አልሞተችም። ያቻት፤ ከእግርህ ሥር ናት።»

ሰውየው ዝቅ ብሎ አየ። ለአፍታ ዓይኑ ምንም ያላገኘ ይመስል ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ይህች... ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጠችው?» አለ። ወረቀቱንም አወጣ። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የፈረሙት ሐሰት ነው?»

«ሐሰት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ብዬ ፈርሜአለሁ።»

«ይህ እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ አባቴ?»

«አሳምሬ ነው የማውቀው። እኔ ራሴ ቀጥቼበታለሁ።»

«ሌላ ምስክር አለ?»

ዛኪር ጫማውን አየ። ባጫ የወጨጫን ተራራ አየ። ባለ ፋይሉ ወረቀቱን አጠፈ። «አንድ ሰው ሞታለች ብሎ ይፈርማል፤ ያው ሰው አለች ይላል። ይህ ከእኔ በላይ ነው። አለቆቼ እስኪያዩት ይቆይ። እርስዎንም ሳይጠሩዎት አይቀሩም።» ቡሩሹ ላይ የነበረው ቀለም ጠብ ጠብ ሲል የዛኪርን አዲስ ጫማ አበላሸው፤ ዛኪር ግን እግሩን እንኳ አላነሣም።

ቤቷ ያን ቀን ምልክት ሳይቀባባት ቀረች። ማግስቱንም ቆመች። ለስንት ጊዜ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሰዎቹ ሲሄዱ ጋሽ ውብአየሁ ዞር ብለው «ዛኪር» አሉ። ዛኪር ግድግዳውን እያየ ማፏጨት ጀመረ። አልተቀየሙትም። ደንቡ ደንብ ነው።

ጠዋት ቦኖ ጋ ሄደው «እንደምን አደራችሁ» አሉ። ሰልፉ ወሬውን ቀጠለ፤ በላያቸው ላይ። አንዲት ሴት የእሳቸውን ጄሪካን በእግሯ ገፋ አድርጋ የራሷን አስቀመጠች፤ ድንጋይ እንደሚገፋ። ይህን ፍርድ የፈረዱት እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደሚመስል ግን አያውቁትም ነበር። መጀመሪያ የሚጠፋው እግር ነው፤ ሰውነት መሬት የረገጠ አይመስለውም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

ተዘግቶ የሰነበተ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ብርሃነሽ ከኋላቸው ቆማለች።

«ደህና» አሉ። የተገፋውን ጄሪካናቸውን አነሡና፣ «እኔም እንደ አንቺው አጥፍቻለሁ። ሰፈሩ እንደሆነ ተሰብስቦ አይፈርድብኝም። አንቺ ፍረጂ» አሏት።

ብርሃነሽ አየቻቸው። ብዙ አየቻቸው፤ መታየት ያማል እንዴ እስኪሉ ድረስ።

«አርባ አልሰጥዎትም» አለች። «አርባ ብዙ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጠዋት ጠዋት በደጄ ሲያልፉ፣ ስሜን ጠርተው እንደምን አደርሽ ይበሉኝ። ጮክ ብለው፤ እስከ ድልድዩ እንዲሰማ። ጉባኤው እስኪቀመጥ።»

«ጉባኤው መቼ እንደሚቀመጥ ማን ያውቃል?»

«እኔም የጠየቅኋችሁ ይህንኑ ነበር» አለችና ጄሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ጋሽ ውብአየሁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጣታቸውን ይፈጽማሉ። ቁልፍ የሚያስቀርጽ የለም፤ ኪዮስካቸውን ግን በሰዓቱ ይከፍታሉ። ከዚያ በፊት በወንዙ ዳር ይዞራሉ፤ ስድስተኛዋ ቤት ጋ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ «ብርሃነሽ! እንደምን አደርሽ!» ይላሉ። ከሌላ ሰፈር የመጣ መንገደኛ፣ አንድ ሽማግሌ በባዶ ደጅ ላይ ሲጮሁ ያይና ፈጠን ብሎ ያልፋል። «የወንዙ ዳር እብድ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል ይባላል። ከውስጥ የሚመጣው መልስ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠራ ነው።

በዘጠነኛው ጠዋት ጉም ነበር። ሰላምታቸውን አሰሙ፤ መልሷ መጣ። በዚያው ቅጽበት ባጫ ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ከድልድዩ በኩል መጣ። እንደ ደንቡ አንገቱን ወደ ወንዙ አዙሮ በመሃላቸው አለፈ። አምስት እርምጃ እንደሄደ ቆመ። አልዞረም።

«ነጋ ቡልታኒ? በሰላም አደራችሁ?» አለ፣ ለጉሙ።

እነዚያም ማንን እንደጠየቀ ሳይጠይቁት፣ ሁለቱም በአንድ ላይ መለሱለት።